ስንት አመጣህ? ከማለት በፊት

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አለቃ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የትምህርት ቤት አለቃ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ታስታውሳላችሁ። ኩረጃ ይቅር ተብሎ ነው፤ እሰየው። ጥር ላይ ውጤቱ ሲመጣ ግን ከ896,520 ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ሆነ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም።

እዚህ ዲላም ወሬው ሁሉ «ሰነፍ ትውልድ!» ሆነ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል? እኔም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ ነኝና ምሳሩን አውቀዋለሁ።

አንድ የማውቃቸው ዳይሬክተር ግን ልጆቹን አንድ በአንድ ቢሮ ጠሩ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ውጤት አልነበረም። «ልጄ፣ ቤት ምን አሉህ? ማታ እራት በልተሃል?» ነው ያሉት። ከዚያ ወላጅ አስጠርተው ስለ ሪሚዲያልና በግል ስለ መፈተን አስረዱ። «ፈተናው ይቅለል» ብለው አልተሟገቱም። ልጁ ብቻውን እንዳይሸከመው ነው ያደረጉት።

የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያሳድገው። ጥላ አገኘ ብሎ ቡናውን ሰነፍ የሚል ግን አላየሁም። የትምህርት ለውጥም እንደዚሁ ነው፤ ደንቡ ይጥበቅ፣ ልጁ ግን ጥላ አይጣ።

እናንተም የክፍል አለቃ ሁኑ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነህ?» በሉ።