ዓይን ያላየውን ጆሮ ሲለይ

በካምፓላ ከተማ፣ ከኮሎሎ ኮረብታ ሥር በምትገኘው በካምዎክያ፣ አንድ ምሽት ከጓደኞቼ ጋር ፊልም ከሚታይበት ጠባብ አዳራሽ ገብተን ነበር። በፊልሙ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ድምፃቸው ዝቅ ተደርጎ በላዩ አንድ ሰው በሉጋንዳ ይተርካል፤ ያብራራል፤ አልፎ አልፎም ይቀልዳል። ይህን ሥራ የያዘውን ሰው የአገሩ ሕዝብ «ቪጄ» ይለዋል። ልማዱም ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በታንጋኒካ የተጀመረው የትምህርት ሲኒማ ሙከራ ፊልሞቹን በመኪና ጭኖ እስከ ኡጋንዳ ድረስ ሲያዞር፣ ማብራሪያውን በየአገሩ ቋንቋ ያሰማ ነበር።

ነገር ግን ቋንቋ ለሚማር ሰው ቪጄው ታሪኩን ሰጥቶ ንግግሩን ይወስድበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የኔዘርላንድ ተማሪዎች ለጆሮአቸው እንግዳ በሆነ አነጋገር የተሠራ የእንግሊዝኛ ፊልም ሲያዩ፣ ከሥዕሉ ሥር የእንግሊዝኛውን ጽሕፈት ያነበቡት አነጋገሩን ለመለየት ጆሮአቸው ተሻሻለ፤ በገዛ ቋንቋቸው የተተረጎመውን ላነበቡት ግን አዲስ ቃል ሲሰሙ ትርጉሙ መሰናክል ሆነባቸው።

ለአማርኛ ተማሪ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ሉጋንዳ የሚጠብቀውን ድምፅ በሁለት ፊደል ይጽፈዋል፤ «ኦኩታ» መልቀቅ ሲሆን፣ ያው ቃል ጠብቆ ሲነገር መግደል ስለሚሆን፣ ጸሐፊው ልዩነቱን በፊደል ያሳያል። የእኛ ፊደል ግን፣ በአማርኛም ሆነ አፌን በፈታሁበት በትግርኛ፣ የላላውንና የጠበቀውን አይለይም። እኔ አማርኛን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት «ልጄ በትምህርት ቤት ይመታል» የሚል ማመልከቻ አቀረቡልኝ። እኔም አላልቼ አነበብሁትና ልጁን ተደባዳቢ ብዬ ለተግሣጽ ላክሁት። እናቲቱ ተመልሰው መጥተው ቃሉን በአፋቸው አጥብቀው ሲናገሩት ነው ተደብዳቢው እርሱ መሆኑን የተረዳሁት። ልጁ ግን ተግሣጹን ተቀብሎ አልፏል።

እንግዲህ መምህር ለመንግሥት ሠራተኞች ፊልም ሲመርጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ቢያስብ መልካም ነው። ታሪኩ ተጠልፋ ጠላፊዋን በመግደሏ ስለተከሰሰች የ14 ዓመት ልጅና ስለ ጠበቃዋ ሲሆን፣ ከእውነተኛ ነገር የተወሰደ ነው። በውስጡ የፖሊስ፣ የፍርድ ቤትና የሽማግሌዎች አነጋገር ስለሚሰማ፣ «አንተ»ና «አንቺ» የት እንደሚያበቁ፣ «እርስዎ» ለማን እንደሚገባ ተማሪው ያስተውላል። ባለጉዳይ አዛውንትን «አንተ» ያለ ሹም ስንት ጊዜ ይቅርታ ቢጠይቅ አይካስም!

ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማሳየት ግን ክፍሉን ሲኒማ ቤት ማድረግ ነው። ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። በመጀመሪያ ያለ ድምፅ ታይቶ ተማሪዎቹ ምን እንደሚባል ይገምቱ፤ ከዚያ ከነድምፁ ይስሙት፤ ቀጥሎም መምህሩ አስቀድሞ ከጻፈው የአማርኛ ቃል ጋር ያስተያዩት። በመጨረሻ ድምፁ እንደገና ይጥፋና ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ እንደ ካምዎክያው ቪጄ በአማርኛ ይተርክ፤ ሌሎቹም ማጥበቁንና ማላላቱን ይከታተሉት። ከሥዕሉ ሥር የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚታይ ከሆነ፣ በወረቀት ቁራጭ ይሸፈን።