ነጋዴው ቆዳውን ሲያገላብጥ መሳያ ድንጋዩን ረሳው

በደሴና በኮምቦልቻ የጥሬ ቆዳ ገበያ ሻጭና ገዢ የሚጨቃጨቁበት ነገር የታወቀ ነው፡፡ ገዢው ቆዳውን ገልብጦ ጣቱን በቀዳዳው ያሾልክና ዋጋ ይቆርጣል፤ ሻጩም «ይህች ጭረት ምን አላት?» እያለ ይሟገታል፡፡ ክርክሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው፡፡ ቆዳው የተበላሸው ገበያ ላይ ሳይሆን እርዱ ላይ፣ በዶለዶመ ቢላዋ ነው፡፡ ስል ቢላዋ ጉልበት አይጠይቅም፡፡ በዶለዶመው የሚገፍ ሰው ግን እጁን ያከብዳል፤ ቢላዋውም አዳልጦ ቆዳውን ይበሳዋል፡፡

«ቢላዋማ በየቀኑ ይሳላል» የሚል አይጠፋም፡፡ በምን ላይ? ብዙውን ጊዜ መሐሉ ብቻ ሲፈገፈግ ኖሮ እንደ ገበቴ በጎደጎደ ድንጋይ ላይ ነው፡፡ እንዲህ ባለው ድንጋይ ስለቱ አቅጣጫውን ስለማይጠብቅ እየከበበ ይሄዳል፡፡ ሳዩ ይደክማል እንጂ ቢላዋው አይሰላም፡፡

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፡፡ በድንጋዩ ገጽ ላይ በእርሳስ መስመሮች ይሠመራሉ፡፡ ከዚያም በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ እርጥብ ሻካራ አሸዋ ተበትኖ፣ ድንጋዩ በገጹ ተደፍቶ ቦታ እየቀያየረ ይታሻል፡፡ መስመሮቹ ከጠርዝ ጀምረው ይጠፋሉ፤ የመሐሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል ማለት ነው፡፡ የቀረ አሸዋ ስለቱን እንዳይሸራርፍ በደንብ ይታጠባል፡፡ ከዚያ በኋላ ሙሉ ገጹን ማዳረስና የሚወጣውን ጥቁር ዝቃጭ ማጠብ ነው፡፡ በውኃ የሚሠራበትን ድንጋይ ዘይት ማስነካት ግን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፡፡

እርግጥ ድንጋይ ብቻውን ቆዳ አያድንም፡፡ የበግና የፍየል ቆዳ በቢላዋ ከተከፈተ በኋላ በጡጫ እየተገፋ መለየት ይኖርበታል፡፡

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጥሬ ቆዳ ዋጋ ክፉኛ በመውደቁ፣ ቆዳው ራሱ በሚጣልበት ጊዜ ስለ ድንጋይ ማውራት ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ፡፡ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፡፡ ገበያ ሲቀዘቅዝ ገዢ ያማርጣል፤ አስቀድሞ የሚወድቀውም የተበሳው ነው፡፡ በ2000 ዓ.ም. ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ ታክስ ሲጣል የታሰበው አገሪቱ ያለቀለት ቆዳ እንድትሸጥ ነበር፡፡ ያለቀለት ቆዳ ደግሞ ጭረት አይደብቅም፡፡

ስለዚህ ከባቲ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ቆዳ የሚሰበስብ ነጋዴ ከሚያስረክቡት አራጆች ጋር በዋጋ ከመናቆር ይልቅ ደህና መሳያ ድንጋይ ቢያድላቸው፣ ላልተበሳው ቆዳም ጭማሪ ቢከፍል ያዋጣዋል፡፡ በየቤቱ እርድ የሚበዛው በአረፋና በፋሲካ ነውና ድንጋዩ የሚስተካከለው ከበዓሉ በፊት ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው፡፡