«አይቼ ነበር!» ያለው ባል እና ስፖኪዮው

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመቴ ነው። ከወር በፊት ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ ስነዳ ወደ ቀኝ ረድፍ ልገባ ፈለግኩና የቀኙን ስፖኪዮ አየሁ። አንድ ሞተረኛ ከኋላ ይመጣል፤ ግን ሩቅ ነው። መሪውን ጠምዘዝ ሳደርግ... ጓ! ልጁ ወደቀ፣ እግሩም ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ «ሳታይ ነው የገባኸው» ትለኛለች። እኔ በልጆቼ እምላለሁ፣ አይቻለሁ! «ውሸታም» ስትለኝ አኩርፌ ሳሎን መተኛት ጀምሬያለሁ። እውን ዓይኔ ነው የዋሸኝ?
ግራ የገባኝ ባል

መልስ፦ ወንድማችን፣ በቅድሚያ ለተጎዳው ወጣት እግዜር ይማርህ እንላለን። አንተ አልዋሸህም። ባለቤትህም ብትጠራጠር አይፈረድባትም። ነገሩ ወዲህ ነው።

በመኪናህ ውስጥ፣ ከፊትህ የተሰቀለው መስታወት ጠፍጣፋ ነው። የቀኙ ስፖኪዮ ግን በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው። የተጎበጠው ሰፊ ቦታ እንዲያሳይ ነው። ታዲያ ሰፊውን ቦታ በትንሽ መስታወት ለማስገባት የሚያሳየውን ሁሉ ያሳንሳል። ዓይናችን ደግሞ አንድ ልማድ አለው፤ መጠኑን የሚያውቀው ነገር አንሶ ከታየው «ርቋል» ብሎ ይፈርዳል።

ማንኪያ አንሳና ጀርባውን ተመልከት። ፊትህ ኩርምት ብሎ፣ ትንሽ ሆኖ ይታይሃል። ስፖኪዮህ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። 20 ሜትር ላይ ያለ ሞተር በቀኙ ስፖኪዮ ሲታይ፣ በጠፍጣፋ መስታወት ከሚታየው ከግማሽ በታች ሊያንስ ይችላል። ዓይን በመጠን ብቻ ከፈረደ ደግሞ ሞተሩን ከ40 ሜትር ወዲያ ያደርገዋል! ሞተር በራሱ ቀጭን ነው፤ ጭራሽ ሲያንስ አስበው። ካንተ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን ከሆነ በየሴኮንዱ ከ8 ሜትር በላይ ይቀርብሃል። 20 ሜትሯን ሁለት ሴኮንድ ተኩል ሳይሞላ ይጨርሳታል።

ይህ ያንተ ጉድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቀኙ ስፖኪዮ ጎባጣ ከሆነ፣ የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት ይልቅ ቅርብ መሆናቸውን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መስታወቱ ላይ እንዲሰፍር ሕጉ ያስገድዳል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

1. ስፖኪዮውን «ሰው አለ ወይ?» ብለህ ጠይቀው፤ «ምን ያህል ይርቃል?» ብለህ ግን አትጠይቀው። ርቀቱን የውስጡ መስታወት ይንገርህ።
2. ፍሬቻ አስቀድመህ አሳይ፣ ትንሽ ቆይ፣ አንገትህን ወደ ቀኝ ትከሻህ መለስ አድርገህ በዓይንህ አረጋግጥ። የኋላ መስኮትህ በዕቃ ከተጋረደ ይህችን አንገት ማዞር ለነገ አትበላት።
3. ጥርጣሬ ከገባህ ያለፈው ይለፍ፤ አንተ ቆይተህ ግባ።
4. መኪናህን ሜዳ ላይ አቁመህ አንድ ሰው ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ አስቁም። መጀመሪያ በውስጡ መስታወት፣ ቀጥሎ በቀኙ ስፖኪዮ እየው። ልዩነቱን ዓይንህ አንዴ ካየ አይረሳም።

አንድ ነገር ግን እንዳትስት። ዓይንህ ተታለለ ማለት ጥፋቱ ያንተ አይደለም ማለት አይደለም። መስታወት አይከሰስም፤ መሪውን የያዘ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ «አይቻለሁ» የምትለውን ክርክር ተወውና ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ ያንን ልጅ ሄዳችሁ ጠይቁት። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ማንኪያዋን ይዘህ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤትህ ተመለስ። ጀርባዋን አሳያትና «አይቼ ነበር፤ ግን አላረጋገጥኩም» በላት። እውነቱ እሱ ነው፤ እሷም የምትፈልገው እሱኑ ይመስለናል።