መነጽርና የዓይን ሌንስ፤ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የትኛው ይመረጣል?

የአገራችን ሰው አንድ ነገር እጅግ የተወደደና በጥንቃቄ የሚጠበቅ መሆኑን ለመግለጽ ሲፈልግ «እንደ ዓይን ብሌን» ይላል። ልጁንም፥ ርስቱንም፥ ክብሩንም በዓይን ብሌን ይመስላል። ነገር ግን ምሳሌ የሆነው የዓይን ብሌን ራሱ የሚገባውን ያህል ጥበቃ ያገኛል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ የሚያስደስት ሆኖ አይገኝም። በዚህ ወር ይህን ጥያቄ ያነሣንበት ምክንያት፥ በከተሞቻችን የሚኖሩ ወጣቶች መነጽራቸውን አውልቀው በብሌን ላይ የሚለጠፈውን ሌንስ ለማድረግ መፈለጋቸውን፥ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሐኪም ሳያማክሩ ከመዋቢያ ዕቃ መሸጫ እየገዙ የሚያደርጉ መሆናቸውን ስለምንመለከት ነው። ስለዚህ የሁለቱን ጥቅምና ጉዳት አመዛዝነን፥ አሳባችንን ሳንሸሽግ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደናል።

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት እናስረዳ። ብርሃን ወደ ዓይናችን ሲገባ አስቀድሞ የሚያልፈው እንደ መስታወት በጠራው የፊተኛው ክፍል ነው። ሐኪሞች ይህን ክፍል ኮርኒያ ይሉታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ብሌን ስንል እርሱን ማለታችን ነው። ከዚያም ብርሃኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ በዓይን ኋለኛ ግድግዳ በተዘረጋው ስስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ምስል ይሆናል። የዓይን ኳስ ከልኩ የረዘመ እንደ ሆነ ብርሃኑ ከሽፋኑ ሳይደርስ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ሰውዬው የቅርቡን እያየ የሩቁ ይደበዝዝበታል። ኳሱ ያጠረ እንደ ሆነ ደግሞ ይልቁንም የቅርቡን ለማየት ይቸገራል። የብሌኑ ክበብ ያልተስተካከለ እንደ ሆነ የሩቁም የቅርቡም ይጣመምበታል። መነጽርም ሆነ ሌንስ ተግባራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ብርሃኑን አቅንቶ በትክክለኛው ስፍራ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ልዩነታቸው መነጽር ከዓይን ጥቂት ርቆ በአፍንጫና በጆሮ ላይ ሲቀመጥ፥ ሌንስ ግን ሕያው በሆነው በብሌኑ ላይ የሚያርፍ መሆኑ ነው። የክርክሩም ሁሉ ምንጭ ይህ ልዩነት ነው።

መነጽር በኢጣሊያ አገር መሠራት ከጀመረ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌንስ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ/ም (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ፥ ከመስታወት የተሠራ ሌንስ በጥንቸሎች ዓይን፥ ቀጥሎም በራሱ፥ በመጨረሻም በሕመምተኞቹ ላይ ሞክሮ ውጤቱን በጽሑፍ አወጣ። ያ ሌንስ ከባድ ስለ ነበረ ከጥቂት ሰዓት በላይ የሚታገሠው አልነበረም። በ1961 ዓ/ም ግን ቼኩ የኬሚስትሪ ሊቅ ኦቶ ቪክቴርሌ፥ በቤቱ ውስጥ ከልጆች መጫወቻ ቍርጥራጭ በገጣጠመው መሣሪያ፥ ውሃ የሚመጥና የሚለሰልስ ሌንስ ሠራ። በ1971 ዓ/ም በአሜሪካ እንዲሸጥ ከተፈቀደ ወዲህ ለስላሳው ሌንስ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ዛሬ ለአንድ ቀን ብቻ ተደርጎ የሚጣልም፥ ለአንድ ወር የሚያገለግልም አለ።

ፍርዳችን አድላዊ እንዳይሆን የሌንስን በጎነት አስቀድመን እንናገር። ሌንስ ከዓይን ጋር አብሮ ስለሚዞር ተመልካቹ በማናቸውም ወገን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ፍሬም አይጋርደውም። ዝናብ አያንጠባጥብበትም፤ የወጥ እንፋሎት አያደበዝዘውም፤ በሩጫና በኳስ ጨዋታ አይወድቅም። የሩቅ ዕይታቸው እጅግ የደከመባቸው ሰዎች ወፍራም መነጽር ሲያደርጉ ዕቃው ሁሉ አንሶ ይታያቸዋል፤ ሌንስ ግን ወደ ትክክለኛው መጠን ያቀርብላቸዋል። የሁለቱ ዓይኖች ድካም እጅግ ለተራራቀበትም ሰው ሌንስ የተሻለ ነው። ብሌን እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት በሚወጣበት፥ ኬራቶኮነስ በሚባለው ሕመም የተያዘ ሰውማ፥ ሕመሙ ሲጸና መነጽር አይረዳውም፤ ጠንካራው ሌንስ ግን ዕይታውን ሊመልስለት ይችላል። ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሌንስ ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ከሐኪማቸው ትእዛዝ እንዲያፈገፍጉ አያደርጋቸውም።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንለፍ። ብሌን የጠራ ይሆን ዘንድ በውስጡ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን በአብዛኛው የሚያገኘው በእንባ አማካይነት ከአየር ነው። ሌንስ በላዩ ሲያርፍ ይህ ትንፋሽ ይቀንሳል፤ ሰውዬው ሌንሱን እንዳደረገ ሲተኛ ደግሞ ቆቡ ስለሚከደን ይብሱን ይታፈናል። የታፈነና በጥቂቱም የተላጠ ብሌን ለረቂቃን ተሐዋስያን በር ይከፍታል። ከእነዚህ አንዱ ፕሴውዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፥ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ብሌንን አቁስሎ ሊበሳ ይችላል። ሌላው አካንታሚባ የሚባለው በቧንቧ ውሃ፥ በጕድጓድ፥ በወንዝና በአፈር የሚኖር ተሐዋሲ ነው፤ እርሱ ያመጣው ቍስል ሕክምናው ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ሕመሙም እጅግ ጽኑ ነው።

አደጋው በቍጥር ሲታይ ምን ያህል ነው? በ1989 ዓ/ም በአሜሪካ የወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ለስላሳ ሌንስ ቀን አድርገው ማታ ከሚያወልቁ 10,000 ሰዎች መካከል በዓመት 4 ያህሉ በብሌን ቍስል ሲያዙ፥ ሌንሱን አድርገው ከሚተኙት መካከል ግን 20 ያህሉ ተይዘዋል። እንግዲህ በሥርዓት ለሚጠቀምበት ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ሥርዓቱን ለሚያፈርስ ግን አምስት እጥፍ ይሆናል። በ2006 ዓ/ም ደግሞ በዚያው አገር ከአንድ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ጋር በተያያዘ ከ100 በላይ ሰዎች በሻጋታ ምክንያት ብሌናቸው ቈስሎ፥ ፈሳሹ ከገበያ እንዲነሣ ተደርጓል። የተሟላ ቍጥጥር ባለበት አገር ይህ ከደረሰ፥ ቀኑ ያለፈበትንና ከየት እንደ መጣ የማይታወቀውን ፈሳሽ መግዛት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢው ይፍረድ።

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው የሚከተለውን ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፥ ብዙዎች ባልንጀሮቻችን ሌንስ አድርገው ያለ ችግር ሲኖሩ አይተናል። ነገር ግን እነርሱ ይኖሩ የነበሩት ቧንቧው ሌሊትና ቀን በሚፈስበት ቤት ነው፤ ማጠቢያው ፈሳሽ ቢያልቅባቸው ከመንገዱ ማዶ ይገዙ ነበር፤ ዓይናቸው ቢቀላ በዚያው ቀን ሐኪም ያያቸው ነበር። ከሌንሱ ጋር ታትሞ የሚመጣው ምክር ይህን ሁሉ እንዳለ ቈጥሮ የተጻፈ ነው። በእኛ ዘንድ ግን በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በበጋ አቧራው፥ በማድ ቤት የማገዶው ጢስ ዓይንን ያስለቅሳል፤ ትራኮማ በብዙ ወረዳ ገና አልጠፋም፤ የዓይን ሐኪሞችም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። መሣሪያውን ከውጭ ማምጣት ቀላል ነው፤ መሣሪያው የሚፈልገውን ኑሮ ግን አብሮ በሣጥን ማምጣት አይቻልም።

ደግሞም ብሌን አንድ ጊዜ በጠባሳ ከታወረ የሚድነው ከሞተ ሰው በተለገሰ ብሌን ነው። በ2003 ዓ/ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በዚህ ረገድ መልካም ሥራ እየሠራ ይገኛል፤ ሆኖም የለጋሾቹ ቍጥር ከሚጠባበቁት ጋር ገና አይመጣጠንም። በበሽታ ወይም በአደጋ ብሌኑን ያጣ ሰው ተራውን በሚጠብቅበት አገር፥ ጤናማ ብሌን ለአንድ የሠርግ ቀን ውበት ሲባል ለአደጋ መጋለጡ የሚያሳዝን ነው።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። በአገራችን ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ዋናው መሣሪያ መነጽር ሊሆን ይገባል። ሌንስ ሐኪም ላዘዘለት ሰው፥ ወይም ሥርዓቱን ሁሉ ለመጠበቅ ፈቃዱም፥ ገንዘቡም፥ ንጹሕ ስፍራም ላለው ሰው ይሁን። መነጽር አንድ ጊዜ ተገዝቶ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ከነፋስና ከአቧራም ጥቂት ይከላከላል፤ ቢረሳም ቢቈሽሽም ብሌንን አያቈስልም። ሌንስ ግን ከነፈሳሹና ከነመያዣው በየጊዜው የሚታደስ ወጪ አለው፤ ገዢው የአንዱን ጥንድ ዋጋ ሳይሆን የዓመቱን ድምር ያስላ። ወጪው የከበደበት ሰው የወሩን ሌንስ ሦስት ወር ያደርገዋል፤ የጐደለውንም ፈሳሽ በውሃ ይሞላዋል። ጥፋት የሚጀምረው በዚህ ነው።

ብዙዎችን ከመነጽር የሚያሸሻቸው ግን ዋጋው ሳይሆን እፍረት መሆኑን እናውቃለን። በትምህርት ቤት ልጆች ባለ መነጽሩን ጓደኛቸውን «አራት ዓይን» ብለው ይሳለቁበታል፤ አንዳንድ ወላጅም ሴት ልጁ መነጽር ብታደርግ መልኳ የሚበላሽ ይመስለዋል። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን ቋንቋ ዘንግተዋል። በእኛ ሊቃውንት ዘንድ «አራት ዓይና» የስድብ ስም አይደለም፤ ብሉይንና ሐዲስን፥ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አጠናቅቆ ለተማረ መምህር የሚሰጥ የክብር ስም ነው። የጥቍር ሰሌዳውን ጽሕፈት ማየት ተስኖት «ሰነፍ» ሲባል የሚውለው ልጅ፥ መነጽር ባደረገ ማግስት ከጓደኞቹ ሊቀድም ይችላል። በ2006 ዓ/ም ውጤቱ የታወቀው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፥ ዕይታቸው ከደከመባቸው ኢትዮጵያውያን ሲሶ ያህሉ የደከሙት በመነጽር ሊቀና በሚችል ጕድለት መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ የሚያሳፍረው መነጽር ማድረግ ሳይሆን፥ በመነጽር ሊድን የሚችል ሰው በጭጋግ ውስጥ መኖሩ ነው።

ሌንስ ለማድረግ የቈረጠ ሰው ቢኖር ግን የሚከተሉትን ትእዛዞች ሳያጓድል ይጠብቅ፤

፩ኛ/ የዓይን ሐኪም ወይም የተፈቀደለት ባለሙያ ሳይመረምርና ብሌኑን ሳይለካ ሌንስ አይግዛ። ለውበት ብቻ የሚደረገው ባለ ቀለም ሌንስም ከዚህ ትእዛዝ ነጻ አይደለም።

፪ኛ/ ሌንስ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ፎጣ ያድርቅ።

፫ኛ/ ሌንሱንም ሆነ መያዣውን በውሃ አይጠብ፤ የቧንቧውም፥ የታሸገውም፥ የፈላውም ውሃ ለዚህ አይሆንም። በምራቅም አያርጥብ። ገላውን ሲታጠብ፥ ሲዋኝ፥ ፍልውሃ ወይም ጠበል ሲገባ አስቀድሞ ያውልቅ።

፬ኛ/ ለጥቂት ጊዜ ለማሸለብ እንኳ ቢሆን ሌንስ አድርጎ አይተኛ።

፭ኛ/ ፈሳሹን በየቀኑ ይለውጥ፤ በአሮጌው ላይ አዲስ አይጨምር። መያዣውን በፈሳሹ አለቅልቆ ደፍቶ ያድርቅ፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩም ይለውጠው።

፮ኛ/ ሌንስን ከእኅት ወይም ከጓደኛ አይዋስ፥ አያውስም። የአገልግሎቱ ጊዜ ሲያልቅ ይጣል።

፯ኛ/ ኵል የምትኳል ሴት አስቀድማ ሌንሷን ታድርግ፤ ስትታጠብ ደግሞ አስቀድማ ታውልቅ።

፰ኛ/ ዓይኑ ቢቀላ፥ ቢያመው፥ ብርሃን ቢወጋው ወይም ዕይታው ቢደበዝዝ ወዲያው ሌንሱን አውልቆ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሌንሱንና መያዣውንም ይዞ ይቅረብ። ከመድኃኒት ቤት በራሱ ፈቃድ ጠብታ ገዝቶ አያድርግ፤ በውስጡ ኮርቲዞን ያለበት ጠብታ ቅላቱን ለጊዜው እየሸሸገ ቍስሉን ሊያብሰው ይችላል።

፱ኛ/ ሌንስ ያለው ሰው ሁሉ በልኩ የተሠራ መነጽርም ይኑረው። መነጽር የሌለው ባለ ሌንስ፥ ዓይኑ ሲታመም እንኳ ለማየት ሲል ሌንሱን ለማድረግ ይገደዳል።

ባለ መነጽሮችም ከጥንቃቄ ነጻ አይደሉም። በሌላ ሰው ልክ የተሠራ መነጽር አይደረግ፤ መስታወቱ በለዘብተኛ ሳሙናና በውሃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል፤ የልጆች ዓይን በዕድገት ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ ይመርመር።

የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴዎችን ደግሞ እንለምናለን፤ ሌንስ በብሌን ላይ የሚያርፍ የሕክምና መሣሪያ እንጂ የጥፍር ቀለም አይደለምና፥ ያለ ምርመራ ለማንም አይሽጡ። መምህራንም በክፍላቸው ውስጥ ዓይኑን እያጨፈገገ ሰሌዳውን የሚያይ ልጅ ሲያገኙ ከፊት ያስቀምጡት፤ ለወላጁም ይንገሩ። ወላጆች ሆይ፥ ለልጃችሁ መነጽር ስትገዙለት ዓይኑ ላይ ስታደርጉለት የምትናገሩት የመጀመሪያ ቃል የምስጋና ይሁን፤ ልጁ መነጽሩን የሚወደው ወይም በደብተሩ መካከል የሚደብቀው በዚያ ቃል ነውና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። የቈሰለ ብሌን ቢድንም እንኳ ጠባሳው እንደ ጉም ጋርዶ ይቀራል። ስለዚህ መነጽርን የሚመርጥ ያለ እፍረት ይምረጥ፤ ሌንስን የሚመርጥም ያለ ቸልታ ይያዘው።