ኮከብ ቆጣሪዎቹ

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታው የሚጀምረው በኦገስት መጨረሻ ነው፤ ክርክሩ ግን ወቅት አያውቅም። ስታዲየሙ ተቆልፎ ሣሩ ብቻ በሚታጨድበት ወር እንኳ ደጋፊው ስለ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሲሟገት ያመሻል። ልጁ ወደ ኦሃዮ ስቴት ነው ወይስ ወደ አላባማ የሚሄደው? የሚገባው አራት ኮከብ ነው ወይስ አምስት? ከሜዳው ቦታዎች ሁሉ ሙግቱን ይበልጥ የሚያግለው ደግሞ የኳስ ተቀባዩ ቦታ ነው። አይገርምም። ኳርተርባኩ የወረወረውን ኳስ በአየር ላይ የሚቀልብ ልጅ ጥሩ ቪዲዮ ይወጣዋል፤ ፊት መስመር ላይ ሲገፋና ሲገፋ የሚውለውን ግዙፍ ልጅ ማን ያየዋል?

ሙግቱ የሚያልቀው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሒሳብ ነው። «ሦስት ተቀባዮች ይለቁናል፣ አራት ይመጡልናል፣ አራቱም ባለ ከፍተኛ ኮከብ ናቸው፤ እንግዲህ ተቀያሪ ሞልቶናል።» እኔ የምከራከረው ከዚህ ሒሳብ ጋር ነው። በወረቀት ላይ የተቆጠረ ተቀባይ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቡድን በተቀባይ ቦታ ተቀያሪ አለው የሚባለው፣ ኳስ ሳይነኩ ቆይተው ሥራውን የተማሩ ልጆች ሲኖሩት ነው። እነዚህን ልጆች ከማንም ቀድሞ የሚሰለቻቸው ደግሞ «ተቀያሪ ይኑረን» እያለ የሚጮኸው ደጋፊ ራሱ ነው።

ኮከቦቹ ከንቱ ናቸው አልልም። ቱ ፎርቲ ሰቨን ስፖርትስን፣ ሪቫልስንና ኢኤስፒኤንን የመሳሰሉ ድርጅቶች በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መዝነው አምስት ኮከብ የሚሰጡት ለጥቂት ደርዘን ልጆች ብቻ ነው፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ጥሩ ተጫዋች ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኦሃዮ ስቴት የገባው ጀረማያ ስሚዝ የዓመቱ ምልምሎች ቁንጮ ተብሎ ነበር። ገና በመጀመሪያ ዓመቱ 76 ኳስ ቀልቦ 1,315 ያርድ ሄደ፣ 15 ተችዳውን አስቆጠረ፣ ቡድኑም የአገሪቱን ሻምፒዮና ወሰደ። ባለ ኮከብ ልጆችን በብዛት የሚያስፈርሙ ቡድኖች ከማያስፈርሙት ይልቅ እንደሚያሸንፉም አልክድም። ግን ይህ ስለ ብዙ ቡድኖችና ስለ ብዙ ዓመታት የሚነገር እውነት ነው። በመጪው ዲሴምበር የመጀመሪያው ተቀባይ ቢጎዳ ማን ይገባል ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

መልሱ በአላባማ ላይ ታይቷል። በ2021 አላባማ ያስፈረማቸው ልጆች፣ በቱ ፎርቲ ሰቨን ስፖርትስ ጥምር ነጥብ እስከዚያን ጊዜ ከተመዘገበው ሁሉ የላቁ ነበሩ። በመካከላቸው በሰንጠረዡ ከፍ ብለው የተቀመጡ አራት ተቀባዮች ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ከበቂ በላይ ተጠርቷል። ደጋፊው የዚያን ዓመት የተቀባዮች ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ አለ። ዲሴምበር 4 ቀን አላባማ በሳውዝ ኢስተርን ኮንፈረንስ ፍጻሜ ጆርጂያን 41 ለ 24 ሲያሸንፍ ተቀባዩ ጄምሰን ዊሊያምስ 184 ያርድ ሄደ፤ ሌላው ተቀባይ ጆን መቺ ግን የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ወጣ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ኢንዲያናፖሊስ ላይ፣ ሁለቱ ቡድኖች ለብሔራዊ ሻምፒዮናው እንደገና ተገናኙ። በሁለተኛው ሩብ ዊሊያምስም ጉልበቱን ይዞ ወደቀ።

እንግዲህ ሰንጠረዡ የሚፈተንበት ሰዓት ይህ ነበር። የአላባማው ኳርተርባክ፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ሃይስማንን ያገኘው ብራይስ ያንግ፣ 57 ጊዜ ወረወረ። ኳሱ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ግን ኳርተርባኩ በሚጠብቀው ቦታ በሚጠብቀው ቅጽበት አይደርስም፤ ሁለቱ አብረው በቂ ጊዜ አልሠሩማ። አላባማ በአራተኛው ሩብ 18 ለ 13 ሲመራ ቆይቶ 33 ለ 18 ተሸነፈ። ጆርጂያን ወደ መሪነት የመለሰውን የ40 ያርድ ተችዳውን የያዘው ማን ነበር? አዶናይ ሚቸል የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ በዚያው ዓመት ሰንጠረዥ ከአራቱ የአላባማ ልጆች እጅግ ዝቅ ብሎ የተመደበ። የጆርጂያ ዋና ተቀባይ ጆርጅ ፒከንስ በጸደይ ልምምድ ጉልበቱን ተጎድቶ ስለነበር፣ ሚቸል ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ሲጫወት ነበር የከረመው። ጆርጂያ ተቀባይ የለውም ተብሎ ነበር የውድድር ዘመኑን የጀመረው።

ደጋፊው ከዚህ ምን ተማረ? ምንም። «ከዝውውር ገበያው እንግዛ» አለ። አላባማም ከጆርጂያ አንድ፣ ከሉዊቪል ሌላ ተቀባይ አመጣ። በ2022 ከቡድኑ ሁሉ ብዙ ኳስ የቀለበው ግን ተቀባይ አልነበረም፤ ኳስ ተሸክሞ የሚሮጠው ጃሚር ጊብስ ነበር፣ 44 ጊዜ። የ2024 የውድድር ዘመን ሲከፈት ከአራቱ ባለ ኮከቦች አንዱም አላባማ ውስጥ አልነበረም። (የአላባማን የነጥብ ክብረ ወሰን በ2022 የሰበረው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነው። በዚያው ዓመት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ።)

ተቀባይነት ፍጥነትና ረጅም እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የደጋፊው ሒሳብ ይሠራ ነበር። ሥራው ግን ሌላ ነው። ተቀባዩ ኳሱ ገና ከመሬት ሳይነሳ ተከላካዮቹ እንዴት እንደቆሙ ማንበብ አለበት። ሮጦ መሐል ላይ ሲደርስ ተከላካዩ ወደ ኋላ ካፈገፈገ መንገዱን ይለውጣል፤ ኳርተርባኩም በዚያው ቅጽበት ያንኑ ለውጥ ማየት አለበት። አንዱ አይቶ ሌላው ካላየ ኳሱ የተቃራኒ ቡድን ሲሳይ ነው። ኳሱ ለእሱ በማይወረወርበት ጊዜ ደግሞ ከእሱ የሚከብድ ሰው ገፍቶ ለሯጩ መንገድ ይከፍታል፤ ይህ በማንም ቪዲዮ ላይ የለም።

ዴቮንታ ስሚዝ በ2017 የአላባማ የመጀመሪያ ዓመቱ በሙሉ የቀለበው 8 ኳስ ነው። የመጨረሻዋ ሻምፒዮናውን ያስገኘች መሆኗ እውነት ነው፣ ያም ሆኖ ስምንት ናት። በአራተኛ ዓመቱ፣ የቡድን ጓደኛው ጄለን ዋድል ተጎድቶ ሲወጣ ሸክሙን ብቻውን ይዞ 1,856 ያርድ ሄደ፣ ሃይስማንንም ወሰደ። ጀስቲን ጀፈርሰን ሉዊዚያና ስቴት ሲገባ ባለ ሦስት ኮከብ ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ አንድም ኳስ አልያዘም። በ2019 የያዘው 111 ነው። እነዚህ ሁለት ልጆች ዛሬ በአንደኛ ዓመታቸው መጨረሻ ላይ ቢሆኑ ደጋፊው ምን ይላቸው ነበር? «አልሆኑም፣ ቦታ ይልቀቁ።» ቢለቁ ደግሞ ከሃዲ ይባላሉ።

የኦሃዮ ስቴትን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ለጃንዋሪ 2022ቱ የሮዝ ቦውል ጨዋታ ሲዘጋጅ ተቀባዮቹ ክሪስ ኦላቬና ጋሬት ዊልሰን ለፕሮፌሽናል ሊግ ምርጫ ራሳቸውን ለመጠበቅ አንጫወትም አሉ። ጃክሰን ስሚዝ ኢንጂግባ ወጥቶ 347 ያርድ ሄደ። ማርቪን ሃሪሰን ልጁ፣ በዚያ የውድድር ዘመን በጠቅላላ ከያዛቸው 11 ኳሶች 6ቱን በዚያች ቀን ያዘ፣ ሦስት ተችዳውንም አስቆጠረ። ተጋጣሚው ዩታ 48 ለ 45 ተሸነፈ። ተቀያሪ ማለት ይህ ነው፤ ወራት ሙሉ ከኦላቬና ከዊልሰን ጋር ሲለማመዱ የከረሙ ልጆች።

ተጫዋቾቹን ለምን ተዘዋወሩ ብዬ አልወቅስም። አሰልጣኙ በሚሊዮኖች ውል እየቀደደ ሲሄድ ማንም «አንድ ዓመት ተቀመጥ» አይለውም፤ ተማሪው ከአፕሪል 2024 ጀምሮ ያለ ገደብ መዘዋወር መቻሉ ፍትሕ ነው። ከ2025 ወዲህም ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ገንዘብ ሲገባ ትዕግሥት መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። የሚያናድደኝ የደጋፊው ሁለት ምላስ ነው፤ የሚጠብቅ ልጅ እየፈለገ፣ የጠበቀውን ይንቃል።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያደገውን ስቴፎን ዲግስን ያየ ሰው ሰንጠረዥ ሲያምን መጠንቀቅ ነበረበት። ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ባለ አምስት ኮከብ ተባለ። ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በ2015 የፕሮፌሽናል ምርጫ 146ኛ ሆነ። በ2020 ቡፋሎ ውስጥ 127 ኳስ ይዞ ሊጉን መራ። ልጁ አንድ ነው፤ በየጊዜው የተሰቀለበት ዋጋ ነው የተለያየው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ አዲሱ የተጫዋቾች ቁጥር ገደብ ነው። ቀድሞ 85 ልጆች በስኮላርሺፕ ይያዙና፣ በራሳቸው ወጪ እየተማሩ የሚለማመዱ ደግሞ ይጨመሩ ነበር። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ጠቅላላውን በ105 ዘጋው። ለዚያ ዓመት በቡድን ውስጥ ለነበሩት የተለየ ፈቃድ ተሰጠ፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ግን ከገደቡ ጋር ይኖራሉ። ደጋፊውም «የማይረባውን እንቀንስ» በሚል አዲስ ጨዋታ ተጠምዷል፤ ስም ይዘረዝራል፣ ስም ይሰርዛል። ጃንዋሪ 9 ቀን 2017 ታምፓ ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው፣ ክሌምሰን አላባማን 35 ለ 31 ያሸነፈበትን ኳስ የቀለበው ሃንተር ሬንፍሮ ነው። ክሌምሰን የገባው ያለ ስኮላርሺፕ፣ በራሱ ወጪ ነበር። በዚያች ሌሊትም፣ ከዓመት በፊት በተሸነፉበት ፍጻሜም፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ተችዳውን አለው። ዛሬ በ105ቱ ዝርዝር ላይ እርሳስ ይዞ የተቀመጠው ደጋፊ መጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነበር።