«ሸኽ፣ ልጹም ወይስ ልተው?»

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከመስጊዳችን በር ላይ የማይጠፋ ጥያቄ አለ። ጫማቸውን ካደረጉ በኋላ ቆም ይሉና፣ ሰው ራቅ እስኪል ጠብቀው፣ «ሸኽ፣ ስኳር አለብኝ፤ ልጹም ወይስ ልተው?» ይሉናል። እኛም ለብዙ ዓመት የምንመልሰው አንድ ነበር፦ «ኒያዎን ያስተካክሉ፣ አላህ ያግዝዎታል።»

በዚህ መልሳችን የጁገል ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት ጾሙ። በዘጠነኛው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ንግግራቸውም ተምታታ። ልጆቻቸው «አባባ፣ ያፍጥሩ» ብለው ውሃ በስኳር በጥብጠው ሲያቀርቡላቸው፣ «ሸኹ ጹም ብለውኛል» ብለው ጽዋውን ገፉት። ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ደረሱ፣ በግሉኮስም ነቁ፤ አልሐምዱሊላህ። እኛ ግን ያን ቃላቸውን ከሰማን ወዲህ ሚህራብ ውስጥ እንደ ቀድሞው በልበ ሙሉነት መቆም አቅቶን ነበር።

በሱነን አቢ ዳውድ ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ በልጅነታችን ቀርተነዋል፣ ለደረሶቻችንም አስቀርተነዋል። ጭንቅላቱ የቆሰለ ሰው መንገድ ላይ ገላ መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን ፈቃድ እንዳለው ቢጠይቅ «የለህም» አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ በፍርደኞቹ ላይ እጅግ ተቆጡ፤ ለሞቱ ተጠያቂ አደረጓቸው፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም ነገሯቸው። እኛስ የጎረቤታችንን ጉዳይ ማንን ጠይቀን ነበር? ማንንም።

ሕጉ በራሱ ግልጽ ነው። በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጾች ለበሽተኛ ሩኽሳ ተሰጥቶታል። ሕመሙ የሚሻለው ከሆነ በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል፤ ተስፋ የሌለው ከሆነ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። ማን በየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግን የሚነግረን ሐኪም ነው። ኢማም የሐኪምን ቃል ተቀብሎ ሕጉን ይነግራል እንጂ ሰውን በዓይኑ አይቶ «ደህና ይመስላሉ» ማለት አይችልም።

ሐኪሞቹ ያስተማሩንን እንንገራችሁ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ግን በጾም ቀን በቀላሉ ሊወርድበት ይችላል። በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕሙማን ሙስሊሞችን ያካተተው ኤፒዲያር የተባለው ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ባለባቸው ላይ ለከባድ አደጋ የሚያደርሰው የስኳር መውረድ በረመዳን ከሌላው ጊዜ 7.5 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ የመድኃኒት ሰዓትና መጠን በሐኪም ይስተካከላል፤ በራስ መዝለል አይቻልም። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ በዚያው ቅጽበት ይፈጠራል፤ መግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም።

«ጣት መወጋት ጾም ያፈርሳል» ብለው ሳይለኩ የሚውሉ ብዙ ናቸው። አያፈርስም። በጅዳ ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ ምክር ቤት በ1989 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ለምርመራ የሚቀዳ ደምም፣ ምግብነት የሌለው መርፌም ጾምን እንደማያበላሽ ደንግጓል። ኢንሱሊንም ከዚህ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ማዕዳችን እንምጣ፤ የሐረር ሰው ጣጣው እዚህ ላይ ነውና። እኛም ከአምስት ዓመት በፊት ስኳር እንዳለብን ስናውቅ 96 ኪሎ ነበርን። ሰው በረመዳን ይከሳል ይባላል፤ እኛ በየረመዳኑ ሁለትና ሦስት ኪሎ እንጨምር ነበር! በቴምር ይጀመራል፣ ሾርባው ይከተላል፣ ሳምቡሳው አምስት ስድስት ይሆናል፣ ሙሸበኩ ይመጣል፣ የማንጎ ጭማቂ ይደገማል፤ ከተራዊህ በኋላ ደግሞ ሩዝ በሥጋ። ሌሊቱን በጫትና በለስላሳ የሚያነጉትማ ሱሑር ሲደርስ የምግብ ፍላጎታቸው ተዘግቶ ባዶ ሆዳቸውን ጾም ይይዛሉ። ይህን በደረቁ እንናገራለን፤ ቅር የሚለው ይበለው።

ሐኪማችን ያዘዙልን ከባድ ነገር አልነበረም። በሱናው መሠረት በቴምርና በውሃ ማፍጠር፣ ግን በአንድ ወይም በሁለት ፍሬ። ጭማቂውን ትቶ ፍሬውን ራሱን መብላት፤ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ውስጥ ሦስት ማንጎ ሊገባ ይችላልና። ሳምቡሳ አንድ፣ እሱም ምስር የበዛበት። የማሽላ እንጀራችን ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ሲበዛ ስኳር ይሆናል፤ ከእንጀራው ይልቅ ጎመኑን፣ ባቄላውን፣ ሁልበቱን ማብዛት። ለመክሰስ ከሐላዋ ይልቅ ጥቂት የባቢሌ ለውዝ። ሱሑርን ወደ ፈጅር አስጠግቶ መብላት። ተራዊህን ቆሞ መስገድና በጁገል ጠባብ መንገዶች በእግር ወደ ቤት መመለስ። ዛሬ 85 ኪሎ ነን። በብሪታንያ ተደርጎ በ2010 ዓ.ም የታተመ ጥናት በሽታው ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውንና ኢንሱሊን የማይወስዱትን በጥብቅ የአመጋገብ ክትትል ሲያከሳቸው፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ልክ በታች ሆኗል። እኛ እዚያ አልደረስንም፤ ኪኒናችን ግን ቀንሷል።

ይህን ብቻችንን አልቻልነውም። መጀመሪያ ባለቤታችን ለእኛ ለየብቻ ማሰሮ ትጥድ ነበር፤ ልጆቹ ሳምቡሳ ሲበሉ እኛ ጎመን ይዘን እንደ ተቀጣ ሕፃን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ማሰሮዋን አንድ አደረገችው። በአንድ ቤት አንድ ሰው ታሞ ሌላው እያየው የሚበላ ከሆነ ያ በሽተኛ አይድንም፤ ደግሞም የስኳር በሽታ በቤተሰብ ይወርዳል፣ ለልጆቹም ይበጃቸዋል።

ከባዱ ኀፍረቱ ነው። ሩኽሳ ያላቸው እናቶች ኪኒናቸውን ጓዳ ተደብቀው ሲውጡ እናውቃለን፤ ምራቶቻቸው እንዳያዩ። አላህ የፈቀደውን ከማን ነው የሚደብቁት?

በዩኔስኮ መዝገብ በጁገል 82 መስጊዶች አሉ። በየአንዳንዱ አንድ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ይኑር እንላለን። ጥገኛ የሚያደርገው መመርመሪያ ወረቀቱ ነው፤ ለአንድ ኢፍጣር ግብዣ የሚወጣው ሶደቃ ለወር የሚሆነውን ይገዛል። እኛ ዘንድ ከሸዕባን ጀምሮ አንድ ተቀምጧል።

እኚያ አባት አሁን አይጾሙም። በየቀኑ የፊድያቸውን እህል ለአንዲት የቲም ለምታሳድግ ጎረቤታቸው ይልካሉ፤ መግሪብ ሲቃረብ ግን እንደ ማንኛውም ሰው መጥተው ከጀመዓው ጋር ይቀመጣሉ። ትናንት ሁለተኛዋን ቴምር ልናነሣ እጃችንን ስንዘረጋ ወደ ጆሯችን ጠጋ ብለው፣ «ሸኽ፣ የእርስዎ ዛሬ ስንት ሆነ?» አሉን።