እስትንፋስና ጸሎት



ጌታ ከሙታን በተነሣ በሃምሳኛው ቀን በቤተ ማርቆስ በአንድነት ተሰብስበው በነበሩት ላይ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ፣ አስቀድሞ የተሰማው እንደ ብርቱ ነፋስ ያለ ድምፅ እንደ ነበር ከቅዱስ መጽሐፍ እንረዳለን። በግእዝ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስና እስትንፋስ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው። ስለሆነም ስለ አተነፋፈስ የሚነሣ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ ሊሆን አይገባውም።

ጥያቄው የሚነሣው ከወጣቶች ነው። ዛሬ በቀብሪበያ ያለ ተማሪ እንኳ የሕንድን የዮጋ መምህራን በእጅ ስልኩ ይመለከታል። ከሁሉ ይልቅ የሚስበው «ባስትሪካ» የተባለው ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ወናፍ ማለት ሲሆን፣ ሠሪው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እንደ አንጥረኛ ወናፍ በአፍንጫው በኃይልና በፍጥነት አየር ይስባል፣ ያስወጣልም፤ ከዚያም ዐርፎ በጸጥታ ያሰላስላል። ሰውነትን እንደሚያነቃ ይነገርለታል። ለመንቃት ሲባል የአወዳይ ጫት በሚቃምበት አካባቢ፣ አንድ ወጣት ጫቱን ትቶ አየር ቢስብ እኔ በበኩሌ የምቆጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሁንና ነገሩን «የአጋንንት ሥራ ነው» በሚል አንድ ቃል መዝጋት የሚመርጡ ወንድሞች አሉ። ሥጋታቸው መሠረት የለውም አልልም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን ሆኖ በአዲስ አበባም ጭምር ሲከበር፣ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ዮጋ ከኦርቶዶክሳዊ እምነት ጋር እንደማይስማማ አስታውቋል። ዮጋ በትውልዱ የአካል ማጎልመሻ ብቻ አይደለምና። በፓታንጃሊ ሥርዓት እስትንፋስን መግዛት ከስምንቱ ደረጃዎች አራተኛው ሲሆን፣ ፍጻሜው «ሳማዲ» የተባለው የተመስጦ ደረጃ ነው። በእኛ ትምህርት እስትንፋስ ስጦታ እንጂ ራሱ መለኮታዊ ኃይል አይደለም። አዳም ሕያው የሆነው ፈጣሪ እፍ ስላለበት ነው፤ ሐዋርያትም መንፈስን ከጌታ ተቀበሉ እንጂ ከገዛ ሳንባቸው አላወጡትም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሳንባንና እምነትን ለይቶ ማየት ግን ይቻላል። ጣልያናዊው ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 23 ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋን ማንትራ በየተራ ደግመው ነበር። በሁለቱም አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ዝቅ አለ፤ ሰውነት የደም ግፊትን የሚያስተካክልበት ሥርዓትም ተሻሻለ። ሥጋ የመለሰው ለዝግታው ነው። ባስትሪካ የዚህ ተቃራኒ መሆኑን ወጣቶቻችን ልብ ይበሉ። ፈጣን ትንፋሽ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። ነፍሰ ጡር፣ የልብ፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሊርቀው ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም ባይሞክረው ይሻላል።

ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ዝግታው በቤታችን ነበረ። 41ዱ እግዚኦታ በጣት አንጓ እየተቆጠረ፣ ስግደቱም ከመውደቅና ከመነሣት ጋር ትንፋሽን እየመጠነ የሚጸለይ ነው፤ ማር ይስሐቅና ፊልክስዩስም ስለ ልብ ጸጥታ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ናቸው። እኛ ግን እግዚኦታውን እንደሚያሳድዱት ሰው እንሮጥበታለን። ከዚያ ወጣቱ ጸጥታን ፍለጋ ወደ ስልኩ ቢሄድ እንገሥጸዋለን፤ የተገሠጸውም ሳይሰናበት ይቀራል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የቃዲሪያ ዚክር እንኳ ቃልን ከትንፋሽ ጋር አስማምቶ መያዝን አልዘነጋም።

ቀብሪበያ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ያስጠለለች ከተማ ናት። ጦርነትን ያየ ሰው ባለበት ከተማ የተረጋጋ ትንፋሽ ቅንጦት አይደለም። ነገ ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ ሃምሳውን ቀን የተቋረጠው ስግደትም ይመለሳል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን በዚህ ጾም ሌላው ቢቀር አንዱን ምሽት ይለዩና ልጆቹን እግዚኦታውን እያንዳንዱን በአንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ሳይጣደፉ፣ እስከ 41 ያስቆጥሯቸው።